ፈታኙ ቤት ሲውል

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲያሳድደው የኖረን ሰው፣ ሰዓት የማያስፈልገው ቀን ሲደርስ ሰዓት አስታቅፎ መሸኘት እንግዲህ የእኛ መሥሪያ ቤት ብልሃት ነው። አጨበጨቡልኝ፣ ተሳሳምን፣ ሰዓቱን ታቅፌ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ፣ "ተመስገን፣ ከእንግዲህ ማንም አያዘኝም" እያልኩ ሳለሁ ባለቤቴ መጥታ አንሶላውን ከላዬ ገፈፈችው። የአንሶላ ማጠቢያ ቀን ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ አልጋ ላይ ስተኛ የአንሶላ ማጠቢያ ቀን የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሥራዬ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ተፈታኙ መሪ ይይዛል፣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፣ "ወደ ግራ"፣ "ወደ ቀኝ"፣ "አቁም" እላለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል አይፈቀድልንም። ፈታኝ አያስተምርም፣ አይመክርም፣ አያጽናናም። ስህተት ሳይ ግን ጉሮሮዬ ራሱን ይጠርጋል። "እህም።" ልከለክለው ብሞክርም ያመልጠኛል። አንድ "እህም" የሰማ ተፈታኝ ያልበዋል፣ የደገምኩለት ማርሹ ይጠፋዋል፣ የሠለስኩለት ደግሞ ማንም ሳያዘው ጥግ ይዞ ያቆምና ቁልፉን ያስረክበኛል። በዚህ የተነሳ ተፈታኞች "ጉንፋን" የሚል ስም አወጡልኝ። "ዛሬ ማን ደረሰህ?" "ጉንፋን።" "እግዜር ይማርህ ወንድሜ።" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ለዓመታት አልሰማሁም፤ ስሰማም ቅር አላለኝም። በእኔ እጅ ያለፈ ሰው መንገድ ላይ ሰው አይጨርስም።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ የሚገጠም ካሜራ አመጣ። ካሜራው ሁሉን ያያል፣ ጉሮሮውንም አይጠርግም። በዕድሜ ገፋ ያልነውን ሰብስበው፣ "ጊዜው ሳይደርስ በፈቃዳችሁ ጡረታ መውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ" ሲሉ አለቃችን ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ነበር። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። ስንቱ ጀማሪ ከጭነት መኪና ሥር ሊከተኝ ምን ያህል እንደቀረው እኔ ነኝ የማውቀው። ከእንግዲህ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ፣ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ልቀመጥ ነው አልኩ።

የገዛ ቤቴ የምለው ግን የማታውን ቤት ኖሯል። የቀኑን ቤት ከነመፈጠሩም አላውቀውም ነበር። ቀን ቀን ቤታችን ፋብሪካ ነው። ባለቤቴ ኬክ ትጋግራለች፤ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ኬክ ይቀዘቅዛል፣ ሶፋው ላይ ካርቶን ይታጠፋል፣ ኮሪደሩን የዱቄት ጆንያ ይዞታል፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ትሪ ተዘፍዝፏል። ለእኔ የተረፈችው በመስኮቱና በማቀዝቀዣው መካከል ያለችው ወንበር ናት። እሷም ላይ ብሆን ማቀዝቀዣው ሲከፈት መነሳት አለብኝ። ማቀዝቀዣው ደግሞ ሲከፈት ነው የሚውለው።

"በሩን ዝጋ፣ ብርድ ይገባል፣ ሊጡ አይነሳም።"

"ቴሌቪዥኑን ቀንሰው፣ ስልክ ላይ ነኝ።"

"እዚያ አትቀመጥ፣ ክሬም አለበት።"

ተነስቼ ሳየው እውነትም ክሬም አለበት፤ ሱሪዬም አለበት። ወይ ጉድ! ባለቤቴ እያልኩ ስጠራት የኖርኩት እንዲያው በአፍ ልማድ ነበር እንጂ፣ ለካ የቤቱ ባለቤት ማለት ነው። እስረኛ እንኳ ጠያቂ ይመጣለታል። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የሚመጣው ኬኩን ሊወስድ ነው።

"ታዲያ ምናለ ወጣ ብትል?" ትሉኝ ይሆናል። ወጥቼ አይቼዋለሁ። በራችን ላይ ገና ብቅ ስል ጎረቤታችን ጡረተኛው ሻለቃ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" ይለኛል። ጡረታ ወጣሁ እለዋለሁ። "ምነው? አመመህ እንዴ?" ይላል። በማግስቱም ይጠይቀኛል፣ በሦስተኛውም ቀን ይጠይቀኛል፤ ሰውዬው ወይ ረስቷል ወይ መልሱ አላሳመነውም። አንድ ቀን ናፍቆኝ እስከ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ስንት ዘመን "እንደምን አደርክ" የተባባልነው የጥበቃ ሠራተኛ መታወቂያ ጠየቀኝ። "እኔን?" አልኩት። "እርስዎንም ቢሆን" አለኝ። መታወቂያዬን አሳልፌ ከሰጠሁት ምን ልሠራ እንደመጣሁ እንደሚጠይቀኝ ገባኝና፣ "እንዲሁ ሳልፍ ሰላም ልበልህ ብዬ ነው" ብዬው ተመለስኩ።

ሌላ ከተማ ያገባች ልጅ አለችን። በስልክ ብሶቴን ስነግራት፣ "አባዬ፣ የሚያዝናናህ ነገር ያዝ እንጂ" አለችኝ። ቲማቲም ተከልኩ። ቲማቲሙ ደረቀ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ መነኩሴው ቢያንስ የሚቀድደው የራሱን ቆብ ነው። እኔ የባለቤቴን መደርደሪያ ነካሁ። ጣሳዎቿን በቁመታቸው ደረደርኩላት፤ ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት። ሳየው ደስ አለኝ። ጨው ስኳር ቦታ መግባቱን ያወቅነው የልደት ኬክ ከሄደ በኋላ ነው። የማን ልደት እንደነበር አላውቅም። ባለልደቱ ግን ከእንግዲህ የተወለደበትን ቀን የሚረሳው አይመስለኝም።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማዕድ ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ብቆም እንኳ ትከሻዋ ወደ ላይ ሲሰበሰብ አያለሁ። ጉሮሮዬ ደግሞ አላረፈም። ቢላዋውን አጉል ስትይዝ፣ "እህም።" ወተቱን ሳታይ ስታፈስ፣ "እህም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ወይ ዝም በል።"

"ጉሮሮዬ ነው እኮ።"

"ጉሮሮህስ የማን ነው?"

አንድ ምሽት፣ ካርቶኑ ሁሉ ተነስቶ ሶፋው ሶፋ ሲሆን፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በቀን ውስጥ የተቀመጠችበትን ሰዓት አላስታውስምና ነገር እንዳለ ገባኝ።

"መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው" አለች።

ሳቅሁ። ምን ቆርጦኝ እንደሳቅሁ አላውቅም። እሷ ግን አልሳቀችም። በከተማው ማዶ ዳቦ ቤት ያላት ባልንጀራዋ፣ ትልቁን ኦቨን በጋራ እንጠቀም፣ አንቺ ኬኩን ያዥ፣ እኔ ዳቦውን ልያዝ ብላታለች። ሥራው ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ቢኖርም ባለታክሲ ኬክና ጎማ ለይቶ አያውቅም። በራችን ላይ የቆመችው አሮጊት መኪናችን ደግሞ ጎማዋ ሥር ሣር አብቅላለች።

"የት ተማርሽ?" አልኳት።

"ተምሬ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ልምምድና ፈተናው ነው።"

ለካ ኬክ ላድርስ ብላ ስትወጣ አንዳንዱን ቀን የምታደርሰው ራሷን ኖሯል። ያውም ከእኔ ከፈታኙ ተደብቃ!

"እዚህስ ምን ጎደለሽ?" አልኳት።

"እዚህማ አንተ አለህ።" ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ስማኝ። አንተ ሥራ ስትውል ቤቱ የእኔ ነበር። ስሳሳትም ብቻዬን ነበር የምሳሳተው። አሁን ጎንበስ ስል እህም፣ ቀና ስል እህም። አልቻልኩም እኮ። አንዳችን መውጣት አለብን። አንተ ደግሞ የምትሄድበት የለህም።"

በሥራዬ ዘመን የስንቱን ሰው ውድቀት ስናገር አንድም ቀን እንዲህ በቀስታ ተናግሬው አላውቅም።

ለልምምድ አጠገቧ ፈቃድ ያለው ሰው መቀመጥ አለበት፤ ያለው ደግሞ እኔ ነኝና በዚያው ሳምንት ጀመርን። እሷ መሪ ትይዛለች፣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፣ ጭኔ ላይ ኬክ አለ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ብላ መድረስ ያለበትን ኬክ ልምምዱ ላይ ደርባዋለች። የደኅንነት ቀበቶ በደረቴ፣ ካርቶን በሆዴ፣ መስኮት በቀኜ፤ እጄን ለማንሳት እንኳ ቦታ የለኝም። ቤት ውስጥ በመስኮትና በማቀዝቀዣ መካከል ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ በመስኮትና በክሬም መካከል ሆንኩ።

ግን ነዳች! ገና ከበራችን ስትነሳ ነው የደነገጥኩት። ፍሪሲዮኑን እንደ ሊጥ ነው የምትለቀው፣ በቀስታ፣ ሳትቸኩል። ፍሬኗ ኬኩን አይነቀንቀውም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሌላው ሾፌር ክላክስ ሲያስጮህ እሷ አትቸኩልም። እኔ ያለፍኩበትን ፈተና ዛሬ አብረን ብንፈተን እሷ ትበልጠኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። ቀኟን አታይም። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ዓይኗ ፊት ለፊት ነው፣ ከጥግ ስትነሳ የግራውን ስፖኪዮ ታያለች፣ የቀኙን ግን ከነመኖሩም የማታውቀው ይመስላል። አንገቷ ወደዚያ እንዳይዞር የተበየደ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህ ስህተት ምሕረት የለውም። እኔ ራሴ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት። አዳዲስ ፈታኞችን ሳሠለጥን፣ "ቀኙን ያላየ ሰው በሌላው ሁሉ እንደ መልአክ ቢነዳም ጣሉት፤ ብስክሌተኛው ያለው በቀኝ ነው፣ ልጁ ብቅ የሚለው በቀኝ ነው" እያልኩ ጆሯቸው እስኪደነቁር ነግሬያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጉሮሮዬ ተነሳ። እስከ ምላሴ ሥር መጣ። ያዝኩት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮዬ ታዘዘኝ። ለምን እንደታዘዘኝ ገና ኬኩን ሳናደርስ ገብቶኛል። ከወደቀች ትቀራለች። ከቀረች ካርቶኑ ይኖራል፣ "እዚያ አትቀመጥ" ይኖራል፣ የማቀዝቀዣው በር ጉልበቴን ይመታኛል፣ እሷም ትኖራለች። ካለፈች ግን ያ ቤት ከነጸጥታው ለእኔ ለብቻዬ ይተዋል። እንድትወድቅ ፈለግሁ። አሳምሬ ባወራው ደስ ባለኝ፣ ግን ይኸው ነው፤ ባለቤቴ እንድትወድቅ ፈለግሁ። ለራሴም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ፈታኝ አያስተምርም" አልኩት።

በሁለተኛው ቀንም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ገልመጥ ሳትል፣ መንገዱን እያየች፣ "ምነው? ጉሮሮህ ዳነ እንዴ?" አለችኝ።

"ጎበዝ ስለሆንሽ ነው።"

ትንሽ ነዳች። ከዚያ ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ ፊቷ ላይ ካየሁ ሰንብቻለሁ። "አንተ ዝም ካልክማ ማለፌ ነው" አለች። "የማንም ማረጋገጫ አያስፈልገኝም። ጉንፋን እህም ካላለ ማን ሊጥለኝ ነው?"

ማታ የኬኩን ቅርፍት፣ ለእኔ የማይደርሰውን ያን የዳር ዳሩን፣ በሳህን አድርጋ ይዛልኝ መጣች። "ብላ" አለችኝ፣ "ደክሞሃል።" በላሁ። ጎኔ ተቀምጣ ስለ ትልቁ ኦቨን አወራችኝ፣ ስንት ትሪ በአንዴ እንደሚያስገባ፣ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ላይ እንዴት እንደሚመጣ። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። "አንድ ነገር ልንገርሽ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። "ጣፋጭ ነው" አልኳት።

የፈተናው ቀን በራሳችን መኪና ሄድን፤ ተፈታኝ የለመደበትን መኪና ማምጣት ይችላል። ሜዳው ድሮ እንደማውቀው ነው፤ የነጭ መስመሩ ቀለም እንኳ አልተለወጠም። ልቤ ቀጥ ያለው ተራዋ ደርሶ ፈታኙ ሲመጣ ነው። ሎጋው የምንለው ልጅ ነው! እኔ ያሠለጠንኩት፣ ቁመቱ ጋቢና ውስጥ የማይታጠፍለት፣ ከሠለጠኑት ሁሉ ትምህርቴን ቃል በቃል የያዘው እሱ ብቻ ነው። ካሜራው ራሱ ሎጋውን አልተካውም፤ ሎጋው ካሜራውን ነው የሚያርመው ይላሉ።

"ጋሼ!" ብሎ አቀፈኝ። "ምን እግር ጣለዎት?"

"ባለቤቴ ናት ተፈታኟ።"

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ ወዲያው ተሰበሰበ። "እንግዲህ ያውቁኛል፣ ጋሼ። አላዳላም። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የምፈትናት። ቀኟን ካላየች..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አልኩት።

የተፈታኝ ቤተሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኩል ሆኜ ሜዳውን አይቼው አላውቅም። አንዲት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ጎልማሳ ጥፍሩን ጨርሶ ወደ ጣቱ ገብቷል። እኔ ጋቢና ተቀምጬ "አቁም" ባልኩ ቁጥር እዚህ ወንበር ላይ ምን ይፈጠር እንደነበር አሁን ገና ነው የታየኝ። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። መቀመጫዋን ጠጋ አደረገች። አዲስ ሻርፕ ለብሳለች፤ ለፈተና ብላ የገዛችው ነው። መሪውን ይዛ ለራሷ ፈገግ ስትል አየኋት፣ እኔ ዝም ስላልኩ የምታልፍ መስሏት።

አልቻልኩም። ብድግ ብዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ነጩን መስመር ረግጬ ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ ደረስኩና ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ "ቀኝ!" አልኳት። "ቀኝሽን አታዪም! ስትታጠፊ፣ ስትነሺ፣ ቀኙን እዪ! በዚህ ብቻ ይጥልሻል!"

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ከአስተማሪዬ ጋር ስነዳ አያለሁ። ከአንተ ጋር ስሆን ነው የማላየው። በቀኝ በኩል አንተ ነሃ የምትቀመጠው! ዞር ባልኩ ቁጥር ፊትህን ነው የማየው፤ ያንን የተጨማደደ ፊትህን። እሱን ሳይ ፍሪሲዮኑ ከእግሬ ሥር ይጠፋል። ተውኩት፤ መንገዱን ብቻ አያለሁ።"

ግን አልጨረሰችም። ዓይኗ ጠበብ አለ። ነገሩ በፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲደርስ ቆሜ አየሁት።

"ቆይ" አለች። "ይህን ሁሉ ቀን አይተህ ነው ዝም ያልከው?"

ሎጋው ረጅም እግሩን እያጣጠፈ ጋቢና ገባና፣ "ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ቤተሰብ ከመስመሩ ወዲያ ነው" አለኝ። ሥርዓቱን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ወደ አግዳሚው ተመለስኩ።

ነዳች። ቀኝ መታጠፊያው ላይ ደረሰች። ቀና ብላ የቀኙን ስፖኪዮ አየች፣ አንገቷን ሙሉ በሙሉ አዞረች፣ የሎጋውን ድንጋይ ፊት አልፋ መንገዱን አየች፣ ታጠፈች። ከጥግ ስትነሳም እንዲሁ አየች። ጉሮሮዬ የሚጠርገው ነገር አጣ። ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ስለነበር እኒያ እናት ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ ብትወድቅም ደግማ ትፈተናለች" አሉኝ።

አለፈች። ሎጋው ወርዶ እጄን ጨበጠኝ፣ "ጋሼ፣ እንዲህ የሚነዳ ሰው ካየሁ ቆየሁ። አስተማሯት አይደል?" አለኝ።

ለመሄድ እንደ ልማዴ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። "ኋላ" አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። ገብቼ ከባዶ ካርቶኖቹ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ ያየሁት የእሷን ማጅራት ነው። አንድ ቦታ ቀይ መብራት ያዘን።

"ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው" አልኳት።

መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቆየ።

"እኔስ?" አለች በመጨረሻ። "አንተ የስንቱን ሰው ልጅ እየጣልክ ስትውል እኔ ከማን ጋር ነበርኩ?" መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ማርሽ አስገባች፣ ሄድን።

በራችን ላይ ስንደርስ ሞተሩን አላጠፋችም። "ውረድ" አለችኝ።

"የት ልትሄጂ?"

"ዳቦ ቤት። ባልንጀራዬ እየጠበቀችኝ ነው፣ ለነገ ዛሬውኑ ማዘጋጀት እንጀምራለን።"

ወረድኩ። መስኮቷን ይዤ እንደ ሕፃን ቆምኩ። "ምሳስ?"

"ሥራና ጠብቀኝ።"

"ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?"

"ሥራው ሲለቀኝ" አለች።

ነገረኛ ሆና አይደለም ያለችው። ሥራ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ሐሳቧ ቀድሟት ሄዶ፣ እንደዋዛ ነው ያለችው። እኔ ጆሮ ውስጥ ግን ድምፁ የራሴ ነበር። ከዚሁ በር ላይ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ወደ ኋላ ሳላይ፣ በየጠዋቱ የምመልስላት መልስ ነበር። እሷም ከዚያ በኋላ የበሩን እጀታ እንደያዘች ምን ያህል ትቆም እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን ቆምኩ፤ መኪናዋ ከዓይኔ እስክትጠፋ።

ገባሁ። ሶፋው ባዶ ነው፣ የፈለግሁበት ልቀመጥ እችላለሁ። ቴሌቪዥኑን እስከ ጣራው ድረስ ልክፈተው እችላለሁ፣ በሩንም ወለል አድርጌ ልተወው እችላለሁ፣ የሚበላሽ ሊጥ የለም። ምንም አልነካሁም። ማዕድ ቤት ገብቼ ፓስታ ቀቀልኩ፣ ሱጎ ሠራሁ፣ ለሁለት ሰው ሳህን አወጣሁ። ጨውና ስኳሩን ሁለት ጊዜ ቀምሼ ነው የለየሁት። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ላይ ነኝ። አንዲቷ በሩ ላይ ስትደርስ ቀስ አለችና እየሮጥኩ ወጣሁ።

የእኛ አልነበረችም። ተመልሼ ገብቼ ምሳውን እንደገና አሞቅሁት።